ከሙጋ ያመጣሁት አፈር

ልጅ እያለሁ ከሙጋ ወንዝ ዳር አንድ እፍኝ አፈር አመጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሰባት ልጆች ወልጄ አሳድጌአለሁ፤ ባሌን በወግ ቀብሬአለሁ፤ ከቁይ ወጥቼ ደብረ ማርቆስ ልጄ ቤት ከገባሁም አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ለዚህ ሁሉ የሚያመሰግነኝ ሰው አላጣሁም። ያንን አንድ እፍኝ አፈር ግን ያመጣሽው አንቺ ነሽ ያለኝ ሰው ከሃምሳ ዓመት በላይ አልነበረም። ሰው ሲያረጅ ቂሙ ይለዝባል ሲሉ እሰማለሁ። የእኔ አልለዘበም፤ እንዲለዝብም አልፈለግሁም። የእኔ ዕድሜ የሆናችሁ፣ አንድ ደብተር ለአራት ትምህርት ከፍላችሁ የጻፋችሁ፣ አንብባችሁ ፍረዱ።

ነገሩን የቀሰቀሰው ቴሌቪዥን ነው። የልጅ ልጄ ቤዛ ዩኒቨርሲቲ የምታጠናው ስለ ድንጋይና አፈር ነው። በዚያ ዓመት ትምህርቱ ተቋርጦ እስኪጠሯት ቤት ተቀምጣ ነበር። በከተማው ኢንተርኔት ስላልነበረ ስልኳን ትራስ ሥር ጥላ ከእኔ ጋር ዲሽ ማየት ጀመረች። መስከረም ነው፤ ደመራ ሊደመር ጥቂት ቀን ቀርቶታል። እኔ ምስር እለቅማለሁ።

«እማማ፣ ዛሬ አፈሩ ይመጣል» አለችኝ።

«የምን አፈር?»

«የሰማይ።»

ከዚያ አስረዳችኝ። ሰው የሌለባት መንኮራኩር ከብዙ ዓመት በፊት ከምድር ተነሥታ፣ በፀሐይ ዙሪያ ወደምትዞር አንዲት ጥቁር ድንጋይ ሄዳለች። ድንጋይ ትባል እንጂ ተራራ ታህላለች፤ አስትሮይድ ይሏታል። መንኮራኩሯ እዚያ አላደረችም። እጇን ዘርግታ መሬቱን ለጥቂት ሰከንድ ነካች፣ አፈር ዘገነች፣ ወዲያው ሸሸች። አሁን የዘገነችውን ይዛ ተመልሳለች። በአንዲት ትንሽ ካፕሱል ከትታ ወደ ምድር ትወረውርና ራሷ ሳታርፍ መንገዷን ትቀጥላለች።

ምስሩን ትቼ ጠየቅኋት። ስትዘግን ማን አያት? በመንገድ ማንም እንዳልነካው በምን ይታወቃል? ሲደርስስ በማን ስም ይጻፋል?

ቤዛ ሣቀች። «እማማ፣ እንደ ዳኛ ነው እኮ የሚጠይቁት።»

አመሻሽ ላይ፣ ጀንበር ሳትጠልቅ፣ ካፕሱሏ በጃንጥላ ወረደች። እሳት እንደላሰው የድስት ክዳን ጠቁራ በረሃ ላይ ቁጭ አለች። አፋቸውን የሸፈኑ ሰዎች ቀስ ብለው ቀረቧት። አንዱም አልነጠቀ፣ አንዱም እኔ ነኝ ያመጣሁት አላለ። ሰፌዱን ረስቼው ጉልበቴ ላይ ዘነበለ። ቤዛ ምስሩን ከምንጣፉ እየለቀመች ምን ነካዎ አለችኝ። እኔም አንድ ጊዜ አምጥቼ ነበር አልኳት። ለልጆቼ እንኳ ያልተናገርኩትን ያን ቀን ነገርኳት።

ትምህርት ቤታችን ከቁይ ወጣ ብሎ ነበር፤ አራት ክፍል፣ ቆርቆሮ ክዳን። ክረምት ሲገባ የረጠበ ጋቢና የጠመኔ ሽታ ተቀላቅሎ ክፍሉን ይሞላው ነበር፤ ዛሬም የረጠበ ጋቢ ሲሸተኝ ማባዛት ትዝ ይለኛል። በእረፍት ከጠጄ ጋር ቅልብልቦሽ እንጫወታለን። ጠጄ የጭቃ ሹሙ ልጅ ነበረች፤ አንድ አግዳሚ ላይ ነበር የምንቀመጠው። ጠጠር ወደ ላይ ወርውራ መልሳ ስትቀልብ አንዱ ከወደቀባት በጣቷ ገፋ አድርጋ ወደ እኔ ታስጠጋውና «ያንቺ ነው የወደቀው» ትለኝ ነበር። እያየሁ ዝም እል ነበር። ያን ጊዜ ዝም ባልል ኖሮ ምናልባት ከዚያ በኋላ የሆነው አይሆንም ነበር።

የአራተኛ ክፍል መምህራችን መምህር ከድር ይባሉ ነበር፤ ከወሎ የመጡ ሙስሊም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ጣታቸውን እንደ ጠመኔ የሚይዙ ሰው። አንድ ቀን ከየቦታው የመጣ አፈር ጠረጴዛው ላይ በተርታ ዘርግተው ቀዩ ለምን እንደቀላ፣ ጥቁሩ ለምን እንደሚሰነጠቅ ነገሩን። እኛ አፈር የምናውቀው ጤፍ የሚያበቅልና የማያበቅል ብለን ብቻ ነበር። ከዚያ አዘዙን። እያንዳንዱ ልጅ ከሌላው የማይመሳሰል አንድ እፍኝ አፈር፣ ስሙን በወረቀት ጽፎ ይዞ ይምጣ። አንደኛ የሚወጣው አፈር ደብረ ማርቆስ ለትርኢት ይላካል፤ ያመጣው ልጅ ደግሞ አምስተኛ ክፍል እዚያው ደብረ ማርቆስ ገብቶ እንዲማር ይደረግለታል። በእኛ አገር ከአራተኛ በላይ ክፍል አልነበረም። አባቴ ሩቅ ልኮ የሚያስተምረኝ ሰው አልነበረም፤ የኔ በር ያ አፈር ብቻ ነበር።

ስለዚህ ሙጋ ገደል ወረድኩ። ማለዳ እናቴን አክስቴ ቤት ነው የምሄደው ብዬ ዋሸኋት። ቁልቁለቱ ረጅም ነው፤ እየወረዱ ሲሄዱ አየሩ ይሞቃል፣ ግራሩ ይበዛል፣ ላይ አገር የሌለ ወፍ ይጮኻል። ከታች ወንዙ ዳር መሬቱ ነጭ ነበር፤ በእጅ ሲያሹት እንደ ጨው ያብረቀርቃል። ከሁሉም የሚያምረው ከአንድ የቆመ ድንጋይ ሥር ያለው ነበር። ለምን እንደቆመ አላወቅሁም፤ የሁለት ቤተ ሰብ ድንበር መሆኑን፣ በዚያ ድንበር ምክንያት ሰዎቹ ለስንት ዓመት ሲካሰሱ እንደነበር ማን ነግሮኝ። ተንበርክኬ እጄን አስገባሁ። በዚያችው ቅጽበት ከማዶ አንድ ሽማግሌ «አንቺ ልጅ፣ ምን እየቆፈርሽ ነው?» ብሎ ጮኸ። አንድ እፍኝ ዘገንኩ፣ ቅሌ ውስጥ ጨመርኩ፣ ሮጥኩ። ያቺ መንኮራኩር ነክታ እንደሸሸች ስሰማ እግሬ ያንን ዳገት ያስታወሰው ለዚህ ነው።

ቅሏ አንገቷ የተጣመመ፣ ትንሽ ነበረች፤ በዚያ ምክንያት ማንም ስላልፈለጋት ነው እናቴ ለእኔ የሰጠችኝ። ስሜን በወረቀት ልጽፍ ስል ደብተር የቀደደ እንደሚገረፍ ትዝ አለኝ። በአንገቴ ካለው ክር አንዲት ሰማያዊ ዶቃ ፈታሁና አፈሩን አውጥቼ ከሥር አስገባኋት፤ አፈሩን መልሼ ላይዋ ላይ አፈሰስኩት። በአገሩ እንደዚያች ዶቃ ያለ አልነበረም፤ ከወረቀት ትሻላለች ብዬ አሰብኩ። ጥፋት ከተባለ የእኔ ጥፋት ይኸ ነው። ውጭ ስም የሌለበት ቅል ይዤ ሄድኩ።

ጠዋት ሁላችንም ያመጣነውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን ለባንዲራ መዝሙር ወጣን። ስንመለስ የእኔ ቅል አንገት ላይ በክር የታሰረ ወረቀት ተንጠልጥሏል፤ ወረቀቱ ላይ ጠጄ ተብሎ ተጽፏል። አጠገቡ ያለ ስም የቀረው የጠጄ ቅል ነበር። መምህሩ የእኔን ቅል ከፈቱ፣ በመዳፋቸው ጥቂት አፈሰሱ፣ ወደ መስኮቱ ወስደው አዩት፤ ፊታቸው በራ። ከየት አመጣሽው ሲሏት ጠጄ «ከሙጋ» አለች፤ ሙጋ መሄዴን የነገርኳት እኔው ነበርኩ። አፈሩን መልሰው ጨመሩ፣ በሰም ደፈኑት፣ በሰሙ ላይ አንደኛ የሚል ወረቀት ለጥፈው የመንግሥት ማኅተም አሳረፉበት። ከዚያ ያንን ስም የሌለውን ቅል አንሥተው ማን ያመጣው ነው አሉ። ያልተጠራሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሲከፍቱት ጥቁር የጓሮ አፈር ነው፣ እበት እበት ይሸታል።

«አንጓች፣ ይህን ከጋጣ ነው ያመጣሽው?»

ክፍሉ በሣቅ ተናጋ። ደንግጬ አፌ እስኪፈታ ማኅተሙ ደርቋል። ያኛው ነው የእኔ፣ ከሥሩ ሰማያዊ ዶቃ አለበት፣ ገልብጡት አልኩ። ጠጄ ዓይኗን ሳታርገበግብ «ዶቃዋ እኮ ትናንት ስንጫወት ነው የጠፋባት» አለች። መምህሩ አዩኝ፣ ማኅተሙን አዩ፣ «የታተመ አይከፈትም፤ ተቀመጪ» አሉኝ።

ጉዳዩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት ይወጣልኝ ነበር። አላበቃም። በዚያ ሰሞን መሬት ሊለካ ነው የሚል ወሬ አገሩን አስጨንቆት ነበር። ሰው ገመድ ይዞ የሚያልፍ እንግዳ ሲያይ ጦሩን ይፈልጋል። በዚህ መሀል ያ የሙጋ ሽማግሌ ወጥቶ፣ አንዲት ልጅ ከድንበራችን ድንጋይ ሥር አፈር ወሰደች ብሎ አመለከተ። አንዱ «ባላጋራዬ ለዳኛ ሊያሳየው ነው» አለ፤ ሌላው ለመተት ነው አለ፤ ሦስተኛው መንግሥት ልጆቻችንን እየላከ መሬታችንን እያስቀመሰ ነው አለ። አውጫጭኝ ተጠራ። ልጅ አዋቂ ሳይባል አገሬው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ አጥፊው እስኪታወቅ ከብቱ ቢጮኽም ጥጃ ቢጠባም ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ሰብሳቢው ጭቃ ሹሙ፣ የጠጄ አባት።

ፀሐይ አናታችን ላይ ደርሳ አዘቀዘቀች። በመጨረሻ መምህር ከድር ቅሏን ይዘው እንዲመጡ ተደረገ። ማን አመጣት ተባሉ። መዝገባቸውን ገለጡና ቀስ ብለው «ጠጄ» አሉ። አባቷ ጋቢውን አጣፋ፣ እሷን አየ። ጠጄ ተነሣችና «እኔ ከጓሯችን ነው ያመጣሁት። ይኼ የአንጓች ነው። መምህሩ ናቸው ሲጽፉ ያቀያየሩት» አለች።

እኔ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ። ዘለልኩ። ከደስታዬ የተነሣ እናቴ ቀሚሴን ይዛ ስትጎትተኝ አልተሰማኝም። «አዎ፣ የእኔ ነው፤ ያመጣሁት እኔ ነኝ» ብዬ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተናገርኩ። እውነቱ ወጣ ብዬ ነበር። አባቴን ዞር ብዬ ሳየው ነው የገባኝ።

ቅሏን ገልብጠው አፈሩን ወደ ቦታው ይመልሱ ያለም ነበር፤ ጭቃ ሹሙ «የመንግሥት ማኅተም ያለበትን ማን ይከፍታል?» ብሎ ሁሉንም ዝም አሰኘ። በማግስቱ አባቴ ከባድ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ሙጋ ወረደ፤ በሁለቱ ባላጋሮች ፊት ተንበርክኮ ስለ እኔ ይቅርታ ለመነ። የማያውቀውን ጥፋት የተሸከመው እሱ ነው። ሲመለስ አንገቱ ተልጧል። አልመታኝም፤ «የተማርሽው ይበቃል» አለኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲያ የትምህርት ቤቱን ደጃፍ አልረገጥኩም። ከሁለት ዓመት በኋላ ዳሩኝ።

ወሬው ሲበርድ ቅሏ ደብረ ማርቆስ ሄደች። በማን ስም? በጠጄ ስም። መምህሩን መንገድ ላይ አግኝቼ፣ በአውጫጭኙ የእኔ ነው ተብሎ የለም ወይ ስላቸው፣ ወደ ጭቃ ሹሙ ቤት አየት አድርገው «መዝገቡ አልተሰረዘም፣ አንጓች» አሉኝ። ብዙም ሳይቆዩ ወደ ሌላ አገር ተዛወሩ። በዚያ ሜዳ የተቀመጠው አዋቂ ሁሉ ሰምቶ ነበር፤ አንድም ሰው አፉን አልከፈተም። ለቅጣቱ ሲሆን አፈሩ የእኔ፣ ለሽልማቱ ሲሆን የእሷ። ሁለቱን አንድ ሰው ቢወስድ ኖሮ፣ ሁለቱንም ለእኔ ቢሰጡኝ ኖሮ፣ ቅጣቱን እሺ ብዬ እቀበል ነበር። ስሙን ነጥቀው ዱላውን ለእኔ መተው ግን ከየትኛው ሕግ ነው የተጻፈው?

ደብረ ማርቆስ መጥቼ የማርያም ማኅበር ስገባ ጠጄን እዚያው አገኘኋት። መምህርት ሆና፣ ርእሰ መምህርት ሆና፣ ጡረታ ወጥታለች። ተራው ደርሷት ቤቷ ስንሄድ፣ ቡፌዋ ላይ፣ በልጆቿ የምረቃ ፎቶዎች መካከል፣ አንገቷ የተጣመመች ቅል ቆማለች። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ ማኅተሙ እንደነበረ አለ። ሴቶቹ ምንድን ናት ሲሏት «የልጅነት ሽልማቴ ናት፤ ሙጋ ድረስ ወርጄ አምጥቻት ከትርኢቱ የመለሱልኝ» አለች። ይህን ብላ ለእኔ ጠላ ቀዳችልኝ። ዓይኔን አላየችኝም። ጠጣሁ፣ አመስግኜ ወጣሁ። ያዩት ሁሉ ሞተዋል፤ እኔ ብናገር አሮጊት ቀንታ ነው ይሉኛል። ሦስት ዓመት እንዲህ ጠላዋን ጠጣሁ።

መንኮራኩሯ መንገዱን ያሳየችኝ ከዚህ በኋላ ነው። ካፕሱሏ መስከረም ላይ ብትወርድም ዋናው የአፈሩ ዕቃ አልከፈት አለ። ሁለት ብሎኖች ተጣብቀው እምቢ አሉ። የዓለም ሊቅ ሁሉ ተሰብስቦ በሁለት ብሎን ተቸገረ። እኔ ጠዋት ስነሣ ከጸሎቴ ቀጥሎ የምጠይቀው «ተከፈተ?» ብዬ ነበር። ቤዛ አልተከፈተም ትለኛለች። ለምን በመዶሻ አይሰብሩትም ስላት፣ ምንም ባዕድ ነገር እንዳይነካው ነው አለችኝ፤ መንኮራኩሯ ስትሄድ ራሷ ምስክር ይዛ ነበር የሄደችው፣ በመንገድ ምን እንደነካት የሚያሳዩ ትንንሽ ሳህኖች፤ ስማቸውም ምስክር ነው።

እጄ አንገቴ ላይ ሄደ። ክሩ ከተበጠሰ ስንት ዘመኑ ነው፤ ጣቴ ግን ቦታውን አልረሳውም። እኔም ምስክር ልኬ ነበር።

ጥር ሲጠባ ብሎኖቹ ተፈቱ። በመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ በጓንት፣ እየተቀረጸ፣ ሰው ሁሉ እያየ። ዜናውን ያየነው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ቤዛ ስታጨበጭብ እኔ የወሩን ቀን እየቆጠርኩ ነበር። የጥር ማርያም የጠጄ ተራ ነው።

በበዓሉ ቀን ቤዛን ከነስልኳ አስከተልኳት። ከፋርማሲ ጓንት አስገዛሁ፤ ነጭ ነጠላዬን አጥቤ ያዝኩ። ጽዋው ተነሣ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ቄሱ ወግ ያለው ይናገር አሉ። ተነሥቼ ስለ መንኮራኩሯ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሣቁብኝ። አንዷ «አንጓች ሰማይ ቤት ርስት አገኘች» አለች። ስለ ብሎኖቹ ሳወራ ግን ሁሉም አዳመጡ። ስጨርስ ወደ ቡፌው ጠቆምኩ።

«ጠጄም የታሸገ አፈር አላት። ትክፈተውና እንየው።»

ጠጄ ፈገግ አለች። «ሽልማቴ ናት እኮ። ማኅተሙ ይቀደዳል።»

«ያተመው መንግሥት ከወደቀ ስንት ዘመኑ ነው? ማን ይከሰሻል?»

ሴቶቹ ሣቁ። ቄሱም «እስቲ ይከፈት፤ ምን አለበት» አሉ። እንዲህ አልኩ፤ ከአፈሩ ሥር አንዲት ሰማያዊ ዶቃ ከሌለች ዋሽቻለሁና ከዚህ ማኅበር ወጥቼ ስሜም ይሰረዝ። ካለች ግን ጠጄ ቆማ ማን እንዳመጣው ትናገራለች። የጠጄ ፈገግታ ፊቷ ላይ ቀርቶ ዓይኗ ብቻ ሄደ። አጠገቧ ያለችው ሴትዮ ጎሸም አድርጋት «ምን ያስፈራሻል? ዶቃ ከየት ይመጣል ብለሽ ነው» አለቻት።

ሰሙ ድንጋይ ሆኗል። ቤዛ ጓንቷን አጥልቃ በቢላ ጫፍ ብትፍቀው እምቢ አለ፤ እኔም በልቤ ሁለቱ ብሎኖች አልኩ። በመጨረሻ ተፈነቀለ። ነጠላዬ ላይ ገለበጠችው። ነጩ አፈር ወረደ፤ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላም ያብረቀርቃል። ወረደ፣ ወረደ፣ አለቀ። ዶቃ የለም። ቤዛ በጣቷ በተነችው። የለም። ጠጄ ትንፋሿን ስትለቅ ሰማኋት። ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አንዷ ቀስ ብላ «ምስኪን» አለች፤ እኔን ነው።

ቅሏን ከቤዛ እጅ ወሰድኳትና ጆሮዬ ላይ አድርጌ ነቀነቅሁ። ከጠማማው አንገቷ ውስጥ ቀጭን ድምፅ መጣ። ቤዛ የፀጉሯን ሽቦ ነቅላ አስገባች። ሰማያዊዋ ዶቃ ነጩ አፈር ላይ ጠብ አለች።

ጠጄ ረጅም ጊዜ ዶቃዋን አይታ «ልጅ ነበርኩ» አለችኝ።

«እኔም ልጅ ነበርኩ» አልኳት። «ተነሽ።»

ወንበሩን ተደግፋ ተነሣች። ሁሉንም ተናገረች፤ አልደበቀችም። ወረቀቱን ያሰረችው መዝሙር ሲዘመር ዘግይታ ቀርታ ነው። በአውጫጭኙ ዋዜማ ምን እንደምትል ያስጠናት አባቷ ነው። ቅሏን ያልከፈተችው ደግሞ ዶቃዋ አለች የለችም የሚለውን ማወቅ ፈርታ ነው። ተናግራ ስትጨርስ ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው ይቅር ተባባሉ አሉን። መስቀሉን ተሳለምኩ። እሷን አልሳምኳትም። «አባ፣ እሷ ሃምሳ ዓመት ወስዶባታል፤ ለእኔም ጊዜ ይሰጠኝ» አልኩ። ቄሱ መስቀላቸውን መልሰው ከኪሳቸው ከተቱ።

አፈሩን በነጠላዬ ቋጠርኩ፣ ቅሌንና ዶቃዬን ያዝኩ። ወረቀቱን ግን ጠረጴዛዋ ላይ ተውኩላት። ስሟ አለበት፤ የእሷ ነው። የሰው አልወስድም።

ያን ቀን ቤት ገብቼ ከአፈሩ ቆንጥሬ አንድ ጠብታ ውኃ ጣል አደረግሁበት። ደረቅ ሳለ ምንም አይሸትም ነበር። ውኃው ሲነካው ሙጋ ሸተተኝ፤ የግራሩ ጥላ፣ የሞቀው ድንጋይ፣ ላብ ያራሰው የልጅነት ቀሚሴ። አባቴን አስታወስኩት፣ የተላጠ አንገቱን። ይህን ሳያይ ነው የሞተው፤ እሱን ማንም ይቅርታ አልጠየቀውም። ቤዛ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ ከሰማይ በመጣው አፈር ውስጥም የጥንት ውኃ ምልክት እንዳገኙ ነገረችኝ። አብዛኛውን ሳይነኩ አሽገው የሚያስቀምጡት ገና ላልተወለዱ ሰዎች ነው አለችኝ፤ እያንዳንዷ ቅንጣት የት እንደሄደች፣ ማን እንደተቀበላት ይጻፋል። በእኛ ጊዜ ለአንዲት የገጠር ልጅ እፍኝ አፈር እንዲህ የሚጨነቅ ቢኖር ኖሮ እኔም ዛሬ ይህን ጽሑፍ ለቤዛ እየነገርኩ አላጽፍም ነበር፤ በራሴ እጅ፣ ፊደሉን ሳላዛንፍ እጽፈው ነበር።

ቤዛ አፈሩን በመስታወት ብልቃጥ አድርጋ ጽፋበታለች፤ «ከሙጋ ወንዝ ዳር፣ ከድንበር ድንጋይ ሥር። ያመጣችው አንጓች፣ አራተኛ ክፍል።» እኔም ከሥሩ ዶቃዬን አስገብቼ ከድኜዋለሁ፤ ማን ያውቃል።

ማኅበሩ ዛሬም አለ። ጠጄም አለች፤ ስንገናኝ እንደምን ሰነበትሽ እንባባላለን፣ ጠላዋንም እጠጣለሁ። ቡፌዋ ላይ፣ በምረቃ ፎቶዎቹ መካከል፣ ቅሏ የቆመችበት ቦታ ክብ ሆኖ ነጥቷል፤ ዙሪያውን ፀሐይ አጥቁሮት እሱ ብቻ እንዳዲስ ቀርቷል። ፎቶ ብታስጠጋበት ይሸፈን ነበር። አላስጠጋችም። ተራዋ በደረሰ ቁጥር ገብቼ ስቀመጥ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው፤ እሷም ሳየው ታየኛለች።